የብልቃጡ ፍርድ

በሚሊኒየሙ ዓመት የቤታችን እንቁላል ሁሉ ዋና ተማረ። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። የሳይንስ አስተማሪያችን ቲቸር ስማቸው፣ እንቁላል ንጹሕ ውሃ ውስጥ እንደሚሰምጥ፣ ውሃው ላይ ጨው እየጨመሩ ሲያማስሉት ግን ቀስ እያለ ወደ ላይ እንደሚወጣ ካሳዩን ቀን ጀምሮ ዶሮዎቻችን የሚጥሉት ለእናቴ መሆኑ ቀርቶ ለእኔ ሆነ። ሁለቱ እንቁላሎች ከእጄ አምልጠው ተሰበሩ። የሦስተኛውን የጨው ውሃ ድስት ውስጥ ረስቼው ስሄድ እናቴ ሳታውቅ ሽሮ ሠራችበት። አንድ ጊዜ ጎረሰች፣ አኘከች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ፋና፣ ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ትምህርት ነው?»

«ሙከራ ነው እማዬ።»

«ሙከራሽን የራስሽን ቤት ስትይዢ ትሞክሪዋለሽ!» አለችኝ። በማግስቱ ግን ለጎረቤቶቿ ስታወራ ሰማኋት። ልጄ ተንሳፈፍ ስትለው እንቁላል እሺ ይላታል እያለች በኩራት ታስቃቸው ነበር።

አባቴ በጫግኒ መስመር የጭነት መኪና ስለሚያሽከረክር ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። የቤቱ ሰው እናቴ እታለማሁና እኔ ነበርን። መንደራችን ከእንጅባራ ወደ ዘንገና በሚወስደው በኩል ናት፤ ጠዋት ጉሙ እስኪገፈፍ ድረስ የጎረቤት አጥር አይታይም፣ ብርዱም ጆሮ ይቆርጣል። እናቴ ከተማ ገብቼ እንዳልንተባተብ ብላ በአማርኛ ብቻ አሳደገችኝ። ትልልቆቹ ሴቶች ግን ወሬያቸው ጠጠር ሲል ወደ አዊኛ ይዞራሉ። ያን ጊዜ ግማሹ ይገባኛል፤ የቀረውን ፊታቸውን እያየሁ ከራሴ እሞላዋለሁ። የሞላሁት ሁሉ ትክክል ይመስለኝ ነበር።

ቲቸር ስማቸው ላቦራቶሪ አልነበራቸውም። «ላቦራቶሪያችሁ የእናታችሁ ጓዳ ነው» ይሉን ነበር። ሳህን ውሃ ላይ በርበሬ በትነን ሳሙና የነካ ጣታችንን መሃሉን ጠቅ ስናደርገው በርበሬው ወደ ዳር ይሸሻል። እርሾና ስኳር ለብ ባለ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ጨምረን አፉ ላይ ፊኛ ስናስር፣ ፊኛው ማንም ሳይነፋው ያብጣል። የእኔ ልብ ግን የቀረው ተንሳፋፊዋ ብልቃጥ ላይ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ላማችንን ወግቶ የጣለውን ባዶ የፔኒሲሊን ብልቃጥ አጠብኩና ጥቂት አሸዋ ጨመርኩበት። የጎማ ክዳኑን በጋለ ሽቦ በስቼ ቀለም የጨረሰ የእስክሪብቶ ቀጭን ቱቦ ሰካሁበት፤ ዙሪያውን በጧፍ ሰም ደፈንኩት። ውሃ ላይ ሳስቀምጣት ብልቃጧ ሰምጣ ቱቦዋ ብቻ ቀጥ ብላ ብቅ አለች። ፈሳሹ ሲከብድ ቱቦዋ ከፍ ትላለች፣ ሲቀልል ዝቅ ትላለች። ውሃ ውስጥ የቆመችበት ቦታ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። ባደረ የላማችን ወተት ስሞክራት ከፍ ብላ ቆመች፤ እዚያ ደግሞ አረንጓዴ ክር አሰርኩ። ከዚያ ወተቱ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ሳደርግ ብልቃጧ ቀስ እያለች ወደ ቀዩ ወረደች።

ጮህኩ። ውሃ የገባበትን ወተት የምትናገር ዕቃ በገዛ እጄ ሠርቻለሁ! ከዚያ ወዲህ ተምሬ ተመርቄያለሁ፣ ደመወዝም ተቀብያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ተደስቼ አላውቅም።

እናቴና አራት ጎረቤቶቿ ያን ጊዜ የወተት ዕቁብ ነበራቸው። የአንድ ላም ወተት ለብቻው ቢናጥ ቅቤው እፍኝ አይሞላም። ስለዚህ አምስቱም አንድ ሳምንት ሙሉ ወተታቸውን ለአንዷ ያመጡላታል፣ እሷም ንጣ ቅቤዋን ታወጣለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላዋ። የዚያ ዙር አራተኛ ባለተራ እናቴ ስትሆን የመጨረሻዋ እትዬ ደብሪቱ ነበሩ። ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሳቂታ ሴት ናቸው። የመጨረሻውን ተራ ለምነው ነው የያዙት። ልጃቸው ይታይሽ የመጀመሪያዋን ልትወልድ እናቷ ቤት መጥታ ነበርና ቅቤው ለአራስ ቤት ትኩሱን እንዲደርስላቸው ፈልገው ነው። እኛ ጋ የአራስ ገንፎ መሃሉ ላይ ቅቤ ካልቀለጠበት ገንፎ አይባልም። ለዚህች ተራ ሲሉ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለሌሎቹ ሲያመጡ ቆይተው አራተኛውን ለእኛ ጀምረዋል።

መጋቢት ነበር። ሣሩ አልቋል፣ ላሞቹ ከስተዋል፣ የዚያ ዙር ቅቤም ከቀደመው አንሶ ነበር። አንድ ቀን እትዬ ውብአየሁ የምትባል ባለዕቁብ ጎረቤታችን መጥታ በር ላይ ቆመች። እግሯም አፏም ፈጣን ነበር።

«ወተቱ ቀጥኗል እታለማሁ። የሆነች ሴት ውሃ ሳትጨምርበት አትቀርም» አለች።

«ኧረ ላሞቹ ምን በልተው!» አለች እናቴ።

ከዚያ ወደ አዊኛ ዞሩ። «ደብሪቱ» ሲሉ ሰማሁ። «ይታይሽ» ሲሉም ሰማሁ። ሁለቱም ወደ ማዶው የቀርከሃ አጥር አዩ፣ ድምፃቸውንም ቀነስ አደረጉ። ለእኔ ይህ በቃኝ፤ ሌባዋ ታወቀች። ያን ዕለት የተነጋገሩት «ይታይሽ ስትገላገል ምን ይዘንላት እንሂድ» ብለው እንደነበረ እናቴ የነገረችኝ ዘንድሮ ነው።

በሚመጣው ሰኞ ትምህርት ቤታችን የሳይንስ ዐውደ ርእይ ነበረው። የአካባቢያችንን ችግር የሚፈታ ነገር ሠርታችሁ ኑ ተብለናል። የእኔ ችግር አጥር ማዶ ነበር፤ መፍትሔው ደግሞ ኪሴ ውስጥ።

ቅዳሜ ጠዋት ሴቶቹ ወተታቸውን አስረክበው አብረው ገበያ ሊወርዱ ቤታችን ተሰበሰቡ። እትዬ ውብአየሁና ሌሎቹ ሁለቱ የሚያመጡት የማታውን ወተት ነው፤ ቤታቸው ራቅ ስለሚል ማታ የታለበውን በብርዱ አሳድረው ጠዋት ይዘውት ይመጣሉ። እትዬ ደብሪቱ ግን ጠዋት አልበው በአጥሩ ሽንቁር አልፈው ከች ነው፤ ወተታቸው አረፋው አይጠፋም፣ እንፋሎቱም ይታያል። ብልቃጤን ከጨርቋ ፈትቼ መሃላቸው ቆምኩ።

«ዛሬ ወተታችሁን ልፈትሽ ነው።»

ሳቁ። ከሁሉም አብልጠው የሳቁት እትዬ ደብሪቱ ናቸው። «ነይ እስቲ ሐኪሟ፣ የኛን ወተት ወባ ይዞት እንደሆን እይልን!» አሉና ብርጭቆ እንኳ ራሳቸው አቀበሉኝ።

ከእናቴ ቅል ማታ ታልቦ ያደረውን ቀዳሁ፤ ብልቃጧ አረንጓዴው ላይ ቆመች። ከእትዬ ውብአየሁ ቅል ቀዳሁ፤ አረንጓዴ። ከሁለቱ ሴቶች ቀዳሁ፤ እንደዚያው። በመጨረሻ ከእትዬ ደብሪቱ ቅል ቀዳሁ። ብርጭቆው መዳፌን አሞቀኝ፤ በዚያ ብርድ ደስ ስላለኝ ትንሽ አቅፌው ቆየሁ። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ። ብልቃጧን ለቀቅኳት። አረንጓዴውን አልፋ ወረደች፣ ወረደች፣ ወደ ቀዩ ግማሽ መንገድ ሄዳ ቆመች።

«ውሃ አለበት» አልኩ፤ ጮክ ብዬ።

ሳቁ ቀጥ አለ። እናቴ «አንቺ ፋና!» ብላ ልትቆጣኝ ስትል እትዬ ውብአየሁ ቀደመቻት።

«አላልኩም? ብያለሁ እኮ!»

«ምን አለበት ነው የምትለው ይቺ ልጅ?» አሉ እትዬ ደብሪቱ። ፈገግታቸው ገና ከፊታቸው አልወረደም። «እስቲ ደግመሽ እይው።»

ደገምኩት። ብልቃጧ እዚያው ወረደች። ቀዩ ክር የውሃ፣ አረንጓዴው የወተት ምልክት መሆኑን እንደ ቲቸር ስማቸው እጄን እያወዛወዝኩ አስረዳኋቸው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ሰው ይዋሻል፤ ዕቃ ምን አገኝ ብሎ ይዋሻል?» አለች እትዬ ውብአየሁ።

እትዬ ደብሪቱ ወደ እናቴ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ እታለማሁ? ሃያ ዓመት ጎረቤትሽ ነኝ።»

እናቴ እኔን አየችኝ፤ ብልቃጧንም አየቻት። «እኔ መሃይሟ ምን አውቄ! የተማረችው እሷ ናት» አለች።

ያን ጊዜ እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ። «ጠብታ ውሃ ጨምሬበት እንደሆን ማርያም ልጄን አትማርብኝ!» አሉ። አንዷ ሴት በድንጋጤ አማተበች። ምጥ ደጇ ላይ በቆመባት ልጅ እንዲህ ያለ መሐላ አይማልም። የሚማለው አንድም ጨርሶ ያልሠራ ሰው ነው፣ አንድም ጨርሶ ያበደ። እኔ የመሰለኝ ግን ሌላ ነው፤ ሌባ ሲያዝ መሐላ ይበዛዋል ብዬ በልቤ ፈረድኩ።

ዕቁቡ እዚያው እንደቆምን ፈረሰ። «በውሃ የሚናጥ ዕቁብ አልገባም፤ የሚመጣው ሳምንት ተራም ይቅር!» አለች እትዬ ውብአየሁ፤ ሌሎቹ ሁለቱም ራሳቸውን እየነቀነቁ ተስማሙ። የሚመጣው ሳምንት ተራ የእትዬ ደብሪቱ ነበር። ቅላቸውን እንኳ ሳያነሱ በአጥሩ ሽንቁር አልፈው ሄዱ። ጀርባቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ኀፍረት ነው አልኩ። ልክ ነበርኩ፤ የማን ኀፍረት መሆኑን ነው የሳትኩት።

ሰኞ ዕለት በዐውደ ርእዩ የእኔ ጠረጴዛ እንደ ሰርግ ቤት ተከበበ። ወላጆች መጡ፣ ከወረዳ የመጡ እንግዶችም ነበሩ። ብርጭቆዎቼን ደርድሬ፣ ስሟን ሳልጠራ «አንዲት የመንደራችን ሴት» እያልኩ ታሪኩን ተረክሁት፤ መንደርተኛው የማን ጎረቤት እንደሆንኩ ያውቅ የለ! ሲያጨበጭቡልኝ ቲቸር ስማቸው ጎንበስ ብለው ቱቦዋን አዩና ረጋ ብለው ጠየቁኝ።

«ጎበዝ ፋና። ስትለኪያቸው ግን ሁሉም ወተቶች እኩል ቀዝቅዘው ነበር?»

መዳፌ ላይ የነበረው ሙቀት ትዝ አለኝ። ጥያቄው ለምን እንደተጠየቀ አላወቅሁም፤ «አይደለም» ብል ግን አንድ ነገር እንደሚበላሽ አወቅሁ። እንግዶቹ ቆመው ያዩኛል። መዝገበ ቃላትና ስድስት ደብተር ሽልማት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«አዎ ቲቸር» አልኩ።

የልጅ ነገር አንዱ ጥሬ አንዱ ብስል ነው ይባላል፤ የብልቃጧን ስህተት በዚህ ማለፍ ይቻል ይሆናል። ያቺን «አዎ» ግን በልጅነቴ አላመካኝም። ውሸት መሆኗን ስናገራት አውቃለሁ።

ሽልማቴን አቅፌ እየሮጥኩ ቤት ስገባ እናቴ ጓዳ ተቀምጣ ነበር። የእትዬ ደብሪቱን ወተት ከሌላው ሳትቀላቅል ለብቻው አርግታ፣ በትንሿ ቅል ንጣው ጨርሳለች። ቅቤውን መዳፏ ላይ አንከባልላ ትመዝነዋለች። ከዚያች ጥቂት ወተት የወጣ ቅቤ መሆኑን ለማመን ያቃታት ይመስል ነበር፤ ቅሉን ደግማ ደግማ አየችው። ቢጫ፣ ጠጣር፣ ድብልብል ቅቤ ነው።

«ተሸለምኩ እማዬ! አንደኛ ወጣሁ!»

ቀና ብላ መዝገበ ቃላቱን አየች። ፊቷ ላይ ደስታ ጠበቅሁ። ቅቤውን ቅሉ አጠገብ አስቀመጠችው።

«እሰይ» አለች። «እሰይ ልጄ። በይ ውጪ ተጫወቺ።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቅቤውን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ነጠላዋ ሥር ደብቃ ወጣች። ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች፤ ጥቅሉ እንዳለ ነበር። ምድጃው ዳር ቁጭ ብላ እሳቱን አየች፤ ራት እስክጠይቃት ድረስ አልተነሣችም። እኔም ገመትኩ፤ ልትሸጠው ወስዳው ውሃ ያለበት ቅቤ ስለሆነ የሚገዛት አጣች አልኩ። ያን ቅቤ አልበላነውም፣ ራሳችንንም አልተቀባነውም። ጓዳ ውስጥ ቆይቶ ሸተተና ተደፋ።

ረቡዕ ይታይሽን ምጥ ያዛት። ረቡዕ ዋለች፣ ሐሙስም ዋለች። በመጨረሻ በቃሬዛ አስፋልት አድርሰው በመኪና ወደ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ሴቶቹ ደጃችን ላይ ተሰብስበው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

«መሐላው ነው» አለች እትዬ ውብአየሁ። «በማርያም ይቀለዳል?»

እናቴ መሃላቸው ቆማለች። «ማርያም ትማራት፣ ማርያም ትማራት» ከማለት ሌላ አንዲት ቃል አልወጣትም። እኔ ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴ ውስጥ ግን ኩራት ነበረበት። ማርያምም ብልቃጤን አይታ የፈረደች መሰለኝ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል፤ ሰው በሌለበት እንኳ ቀና ማለት ያቅተኛል።

ማርያም ማረቻት። ወንድ ልጅ ወልዳ እናቷ ቤት ተመለሰች። ወትሮ አራስ ቤት በሰው ይሞላል፤ እዚያ ቤት የሄደ ሰው ግን ጥቂት ነው። እናቴ አንድ ቁና የገንፎ ዱቄት አሸክማ እኔን ላከችኝ፤ ራሷ አልመጣችም። ስገባ ይታይሽ ገርጥታ ተኝታለች። እትዬ ደብሪቱ ከፊቷ ገንፎ አቅርበዋል፤ መሃሉ ላይ የተሞላው የኑግ ዘይት ነው። ዱቄቱን ተቀብለው ቁጭ በይ አሉኝ። በአራስ ቤት ወግ ለእኔም በትንሽ ሳህን አወጡልኝ፣ ዘይትም አፈሰሱበት።

«ብይ» አሉኝ። «አይዞሽ፣ ዘይት ነው። ውሃ አይደለም።»

በላሁ። እንዲያውም ጣፍጦኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የምግብ ነገር ተማርኩ፤ ዛሬ ዳንግላ ውስጥ ከገበሬዎች ወተት የምንረከብበት ቦታ የጥራት ሠራተኛ ነኝ። ዋናው ዕቃዬ ከመስታወት የተሠራ፣ ፋብሪካ የተመረተ፣ የዚያች ብልቃጤ ታላቅ እህት ነው። በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ገበሬ በብስክሌት ወተት አመጣ። ለካሁት፤ ዝቅ አለ። «ውሃ አለበት፤ መልሰው» አልኩት። አብሮኝ የሚሠራው ምስጋናው ከወዲያ ሳቀ።

«ሙቀቱን ለካሽው?»

«እ?»

«ጣሳውን ንኪው እስቲ፤ አሁን የታለበ ነው። ወተት ሲሞቅ ይቀላል፣ ዕቃሽም ይሰምጣል። አቀዝቅዘሽ ለኪው። ደግሞ ቅባቱንም እይ፤ ቅባት ከውሃም ይቀላል። ምርጡ ወተት ነው አንዳንዴ ሌባ የሚመስል።»

ምስጋናው ይህን ያለው እንደ ቀላል ነገር ነው፤ ሰልፉ ረጅም ስለነበር ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ጣሳውን እንደነካሁ ቀረሁ። ክፍል ውስጥ ተምሬው ነበር፤ ከዚያች ብልቃጥ ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም። «ይቅርታ፣ ይቅርታ» አልኩ። ገበሬው ይቅርታ የምጠይቀው እሱን መስሎት «ኧረ ችግር የለም እህቴ» ይለኛል።

ማታውን ለእናቴ ደወልኩላት። የእትዬ ደብሪቱ ወተት ውሃ አልነበረበትም አልኳት። እንዴት አወቅሽ ብላ አልጠየቀችኝም። «እማዬ፣ ታውቂ ነበር እንዴ?» አልኩ። «ኔትወርኩ እኮ አይሰማም» አለችና ዘጋችው። ለእኔ ግን ትንፋሿ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።

ወዲያው ሄድኩ ብል እንዴት ደስ ባለኝ! ሦስት ዓመት ቆየሁ። ሥራ በዛብኝ አልኩ፣ መንገድ አይመችም አልኩ። ዘንድሮ ለፋሲካ ቤት ስገባ ግን ከእንጅባራ ባጃጅ ይዤ እናቴ ቤት ሳልደርስ ማዶውን ቤት አንኳኳሁ። እትዬ ደብሪቱ አርጅተዋል። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው የዘር ድንች ከመብሉ ይለያሉ። አጠገባቸው ቁጭ አልኩና እየለየሁ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሙቀቱን፣ ቅባቱን፣ ለቲቸር ስማቸው የዋሸሁትን። እጃቸው ሥራውን አላቋረጠም።

«ላም ስትታለብ መጀመሪያ የሚወርደው ቀጭኑ ነው» አሉ ስጨርስ። «ወፍራሙ የሚመጣው ግቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ቀጭኑን ለቤት አስቀር ነበር፤ ይታይሽ ነፍሰ ጡር ሆና እሱን ነበር የምትጠጣው። ወፍራሙን ለእናንተ አመጣለሁ። ዕቁብ ነዋ! ተራዬ ሲደርስ ለእኔም እንደዚያው እንዲያመጡልኝ ነው።»

አለቀስኩ፤ እሳቸው አላባበሉኝም።

«እናትሽ የዚያኑ ሰሞን አወቀች» አሉ ቀጥለው። «ለብቻው ናጠችው። ቅቤውን በኮባ ጠቅልላ መጣችልኝ። ቅቤውን ተይውና ቃሉን አምጪልኝ፣ ውብአየሁ ፊት ተናገሪልኝ አልኳት። ‹ዛሬ አጨብጭበው የሸለሟትን ልጄን ነገ ውሸታም አታስብዪብኝ› ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። እኔም እናት ነኝ፤ ልጄም ምጧን የምትጠብቅ ናት፤ ከሰው ልጅ ጋር አልካሰስም አልኩ። ቅቤዋን ግን መለስኩላት።»

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ ደብሪቱ።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ ሌሊት ረዘመ እንጂ። አንቺን ይቅር ብያለሁ፣ ልጅ ነበርሽ። ግን ለእኔ ምን ብለሽ ትነግሪኛለሽ ልጄ? እኔ እንደሆን ላሜንም አውቃታለሁ፣ እጄንም አውቀዋለሁ። ላላወቀው ንገሪ። እሑድ ሰንበቴ አለ፤ ውብአየሁም አለች፣ እናትሽም አለች። የሆነውን እንዳለ ተናገሪ።»

«እሺ» አልኩ። ያን ጊዜ ከልቤ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ቤት ሴቶቹ በአንድ ወገን ተቀምጠዋል። እናቴ ከመሃላቸው ናት፤ ምን ልናገር እንደተነሣሁ ያወቀችው ገና ስቆም ነው። ተናገርኩ። ብልቃጧ የሰመጠችው ወተቱ ስለሞቀና ቅባቱ ስለበዛ እንደሆነ፣ ከሁሉ ምርጡን ያመጡ የነበሩት እትዬ ደብሪቱ እንደሆኑ፣ ተጠይቄም እያወቅሁ እንደዋሸሁ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እትዬ ውብአየሁ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ተነሥታ እየተንገዳገደች ሄዳ እትዬ ደብሪቱ ጉልበት ላይ ወደቀች። አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ እኔን «ተይ ልጄ፣ ልጅ ምን ያውቃል» ትለኛለች። ይቅርታው ከጠበቅሁት በላይ ቀለለኝ፤ ደስ ሊለኝ ሁሉ ጀምሮ ነበር።

እትዬ ውብአየሁ ዓይኗን እየጠረገች ተነሣች። «ምነው ያኔ አንድ የሚያውቅ ትልቅ ሰው በኖረ!» አለች። «አንድ እውነቱን የሚነግረን ሰው!»

እትዬ ደብሪቱ እናቴን አላዩዋትም፤ ያዩት እኔን ነው። እናቴ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ትፈትላለች። ፀጉሯ እንዴት እንደነጣ ልብ ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ቃሉ አፌ ላይ ነበር።

«ማንም አላወቀም» አልኩ። «ማንም።»

እናቴ አንገቷን ደፋች። እትዬ ደብሪቱ ቀሪውን እንደሚጠብቅ ሰው ጥቂት አዩኝ። ከዚያ መቋሚያቸውን ፈልገው ተነሡ፣ ሴቶቹን ደኅና ዋሉ ብለው ተሰናበቱ፣ በእኔና በእናቴ መሃል አልፈው ወጡ።